ድንኳን ውስጥ የጸደቀው በጀት

እኔ በተፈጥሮዬ ድንጉጥ ነኝ። በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ፤ ሳይንኳኳ ሲከፈትማ አይጠየቅም። ስሜ ሲጠራ እደነግጣለሁ፣ ሳይጠራ ሲታለፍም እደነግጣለሁ። እናቴ "ሌላው ልጅ ሲወለድ ያለቅሳል፣ አንተ ግን ደንግጠህ ዝም አልህ" ትለኛለች። ስለዚህ ከዚህ በታች በየመስመሩ "ደነገጥሁ" እያልሁ ባሰለቻችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ደግሞም ነገሩን ሰምታችሁ ስትጨርሱ የምትፈርዱልኝ ይመስለኛል። የደነገጥሁት እኔ ብቻ አልነበርሁማ። ሟቹም ደንግጠዋል።

የኮሌጃችን ምክር ቤት አባል የሆንሁት በእጄ ምክንያት ነው። እንደገባን ሰሞን የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ተሰብስበን ወኪል እንድንመርጥ ተባለ። ስብሰባው ረዘመ። ስለ ዓለም ሁኔታ ተነገረን፤ ስለ አፍሪካ ሁኔታ ተነገረን፤ ወደ ክፍለ ሀገራችን ሁኔታ ስንቃረብ ጠዋት የጠጣሁት ሻይ ያስጨንቀኝ ጀመር። ጨዋ ልጅ ሳያስፈቅድ አይወጣም ብዬ እጄን አነሳሁ። የሰብሳቢው ፊት በራ።

"ጓዱ ራሱን በቆራጥነት አቅርቧል!" አሉ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መካከል ሽንት ቤት መሄድ ነው የፈለግሁት ማለት አብዮቱን መሳደብ መሰለኝ። አመስግኜ ተቀመጥሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍሁት ለጠላቴም አልመኝም።

እንግዲህ በምክር ቤት ወንበር ላይ የተቀመጥሁት በዚህ መንገድ ነው። ወንበር ስል ግን የኮሌጁ ወንበር እንዳይመስላችሁ። ወንበሩ የቀበሌው ነው። ደሴ ውስጥ ከሆጤ ሰፈር ከፍ ብሎ የተቀመጠው ኮሌጃችን ከዲኑና ከተማሪው በስተቀር የራሴ የሚለው ነገር አልነበረውም። አልጋዎቻችን ከሆስፒታል የመጡ ናቸው፤ በራስጌያቸው የበሽተኛ ካርድ ማንጠልጠያ አላቸው። ጥቁር ሰሌዳው ከአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተዋስነው ስለሆነ ከላይ በኩል ሀ ሁ ሂ ሃ በቀለም ተጽፎበታል፤ የፍልስፍና መምህራችን ከሥሩ ነበር ስለ ቁስ አካል የሚጽፉት። አዳራሹም የቀበሌ ነው። ቀበሌው ስብሰባ ሲኖረው እኛ እንወጣለን፤ ቀበሌው ደግሞ ስብሰባ ያልነበረው ቀን ትዝ አይለኝም።

ጥፋቱ የዲናችን አልነበረም። ዲናችን ዶክተር ይማም የቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ረዥም፣ ሲራመዱ ወደ ፊት የሚያዘነብሉ፣ ሁልጊዜ ካፖርት የሚለብሱ ሰው። ችግሩ ኮሌጁ የራሱ በጀት የለውም። ጠመኔም ሆነ ትራስ፣ ማንኛውም ነገር ሲያስፈልግ አዲስ አበባ ላለው የበላይ አካል ይጻፋል። የበላይ አካልን ለማማት አይደለም ይህን የምለው። የበላይ አካል ሥራ ይበዛበታል። ግን እኛ ከመግባታችን በፊት አንድ ጊዜ የመኝታ ቤታችን መስታወት በበረዶ ተሰበረና ተጻፈ። መልሱ የመጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ቃል በቃል ባላስታውሰውም ሐሳቡ "መስታወቱን ማን እንደ ሰበረው፣ ሰባሪውም ለትምህርቱ ያለው አመለካከት ምን እንደሆነ ተጣርቶ ይላክ" የሚል ነበር። ዶክተር ይማም ስለ በረዶው አመለካከት ምን ብለው እንደመለሱ አላውቅም። መስታወቱ ግን አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ዲናችን መጻፉን ትተው መዋስ ጀመሩ። ጠዋት ጠዋት ከቤት ሲወጡ የሰፈሩ ሰው ገና በሩቅ ሲያያቸው "ዛሬ ምን ጎደለ ዶክተር?" ይላቸዋል። እሳቸውም ቆመው ምን እንደ ጎደለ፣ መቼ እንደ ጠየቁና ምን ተብለው እንደ ተመለሱ አንድ በአንድ ያስረዳሉ። በዚህ የተነሳ የቧንቧ ውሃ ሰው የኮሌጁን አስተዳደር ከእኛ ከምክር ቤት አባላቱ በላይ ያውቀው ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ዲናችን ምክር ቤቱን ሰብስበው ከአዲስ አበባ ልዑካን እንደሚመጡ ነገሩን። የሚመጡት ስለ ኮሌጁ ሊወስኑ ነው። ወይ ኮሌጁ የራሱ በጀት ተፈቅዶለት በራሱ ምክር ቤት ይተዳደራል፣ ወይ ይዘጋል።

"ከተዘጋስ?" አልሁ፤ ድምፄ ከራሴ ቀድሞ ወጣ።

"ሁለተኛ ዓመቶች ወደ ሌሎች ተቋማት ይመደባሉ" አሉ ዶክተር ይማም፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ። "አንደኛ ዓመቶች ወደየመጡበት ይሸኛሉ።"

ደነገጥሁ። እኔ የመጣሁት ከወረኢሉ ነው። ወደ ወረኢሉ መሸኘት ምንም አልነበረበትም፣ አባቴ ባይኖሩ ኖሮ። አባቴ ግን እኔ ኮሌጅ ስገባ ለሚያውቁትም ለማያውቁትም ተናግረዋል። መንገደኛ አስቁመው ነግረዋል። ከዚያም አልፈው የሁለት ባላንጣ ቤተሰቦችን የድንበር ጠብ "ልጄ ተምሮ ሲመለስ ይዳኛችኋል" ብለው አስቁመውታል። ሰዎቹ ዱላቸውን አስቀምጠው የሚጠብቁት እኔን ነው። አንደኛ ዓመትን እንኳ ሳልጨርስ ሻንጣዬን ይዤ ብመለስ በመጀመሪያ የምመታው ማን እንደሆነ ለመገመት ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም።

ምክር ቤቱ የተጨነቀው ግን በሌላ ነገር ነበር። ልዑካኑን የት እናስቀምጣቸው? አዳራሹን ቀበሌው ይዞታል። የመማሪያ ክፍሎቹ ጣሪያ ያፈሳል። ምክትል ዲናችን ጓድ ተሾመ፣ ጸጉራቸውን ወደ ኋላ የሚያበጥሩ፣ የዲኑን ወንበር ሲያዩ ዓይናቸው ትንሽ የሚቆይበት ሰው፣ "አስተዳደራዊ ድክመት ነው" አሉ። ይህን ጊዜ እጄን አነሳሁ። በዚህኛው ቀን ሻይ አልጠጣሁም፤ የምር ሐሳብ ነበረኝ።

"የቅሬ ድንኳን እንዋስ" አልሁ።

ለሌላ አገር አንባቢ ልንገር፤ ቅሬ በወሎ የቀብርና የለቅሶ ማኅበራችን ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይገባበታል። ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ድስት አለው። ከኮሌጃችን ጋር ሲተያይ ቅሬው ዩኒቨርሲቲ ነበር።

ዶክተር ይማም ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። "ጎበዝ! የዚህ ልጅ ጭንቅላት ይሠራል" አሉ። በዚያች ደቂቃ ለእሳቸው ድንኳኑን ብቻ ሳይሆን ሬሳውንም ባመጣሁላቸው ደስ ይለኝ ነበር።

የቧንቧ ውሃ ቅሬ ዳኛ አያ እንድሪስ ይባላሉ። ጺማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ ከመናገራቸው በፊት በረዥሙ የሚተነፍሱ ሽማግሌ ናቸው። ቤታቸው ሄጄ ጉልበት ስሜ ነገሩን አስረዳሁ። በረዥሙ ተነፈሱ።

"ልጄ፣ ይህ ድንኳን ለስብሰባ ወጥቶ አያውቅም። የሚወጣው ለሞተ ነው።"

"አያ እንድሪስ፣ እርስዎ ካልረዱን እኮ ኮሌጁ ይሞታል።"

"እሱማ ከሞተ ይገባዋል" አሉና ሳቁ። "አብሽር። ለይማም ስል እሰጣለሁ። ብቻ ሰው ድንኳን ሲያይ እንዳይደነግጥ ረቡዕ ቅሬው ሲሰበሰብ አሳውቃለሁ። እንግዶቻችሁ ሐሙስ አይደል የሚመጡት?"

ሐሙስ ነበር። ነገር ግን እሑድ ከሰዓት በኋላ ቴሌግራም መጣ፤ ሰኞ ጠዋት በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ይደርሳሉ። ደነገጥሁ። እየሮጥሁ አያ እንድሪስ ዘንድ ሄድሁ።

"ሰኞ ከሆነማ ቀለለ" አሉ፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ እየሰጡኝ። "የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነገ ገበያ ነው። እኔ በማለዳ ሰኞ ገበያ እሄድና መግቢያው ላይ ቆሜ ለመጣው ሁሉ እነግራለሁ። አንድ ሰው አይቀርም።"

ዕቅዱ እንከን የለሽ መሰለኝ። አንድ ነገር ብቻ ሁለታችንም አላሰብንም፤ የቧንቧ ውሃ ሰው ሰኞ ገበያ ከመድረሱ በፊት በኮሌጃችን በር ያልፋል።

ሰኞ ጠዋት ዶክተር ይማም በኮሌጁ ላንድሮቨር እንግዶቹን ሊቀበሉ ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። ላንድሮቨሩ የኮሌጁ ነው እንዳትሉኝ፤ የእርሻ ጽሕፈት ቤት ነው። እኛ ተማሪዎች በግቢው ሜዳ ላይ ድንኳኑን ተከልን፣ አግዳሚዎቹን ደረደርን። እኔ ጫማዬን ጠርጌ፣ ሸሚዜን እስከ ላይ ቆልፌ በር ላይ ቆምሁ። ድንኳኑን ዞር ብዬ ሳየው ኩራት ተሰማኝ።

መጀመሪያ ያለፉት እትዬ ዘይነባ ናቸው። የቧንቧ ውሃ የሽንኩርት ነጋዴ፣ ድምፃቸው ከገበያው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ ሴት። በራሳቸው ላይ ቅርጫት ተሸክመዋል። ድንኳኑን አዩ። ቆሙ። ቅርጫቱን አወረዱ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። "ኧረ እትዬ…" ለማለት አፌን ስከፍት እሳቸው ቀድመውኝ፣

"ወይኔ! ወይኔ ወንድሜን!" እያሉ ገቡ።

ድንኳን ሲታይ ማን ሞተ ተብሎ አይጠየቅም። ነውር ነው። መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ልቅሶው ጋብ ሲል አጠገብ የተቀመጠው ሰው በሹክሹክታ ይጠየቃል። ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ግን እያለቀሰች ያለችን እናት "ያለቀሱት በከንቱ ነው" ብሎ ማቋረጥ እንዴት እንደሚቻል ማንም አስተምሮኝ አያውቅም። ስለዚህ ተከትዬ ገብቼ ተቀበልኋቸው። አንገቴን አቅፈው አለቀሱ። እኔም፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ይህን ያዩ ሌሎች ሁለት ሴቶች ከመንገድ ገቡ። እነሱን ያዩ ወንዶች ገቡ። ፍየል የሚነዱ ሰዎች ፍየሎቻቸውን በር ላይ አስረው ገቡ። እኔ ሁሉንም እየተቀበልሁ ቦታ አስይዛለሁ። እንግዳ ቁሞ ሳይ አልወድም።

እትዬ ዘይነባ ጋብ ሲሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ማነው የኔ ልጅ?" አሉኝ።

"ማንም አይደለም እትዬ፣ ስብሰባ ነው" አልሁ።

በእንባቸው መካከል በሐዘኔታ አዩኝ። "ልጁን አስደንግጦታል፤ ይቀባዥራል" አሉ ለጎረቤታቸው። "ለመሆኑ ዶክተር የት አሉ? በእንዲህ ያለ ቀን ከፊት የሚቆሙት እሳቸው አልነበሩም?"

"ወደ ኮምቦልቻ ወርደዋል" አልሁ።

ይህን ጊዜ ከኋላ የተቀመጠ የጭነት መኪና ረዳት፣ "የኮሌጁን ላንድሮቨር ጠመዝማዛው ላይ አይተነዋል፤ ወደ ገደሉ አዘንብሎ ቆሟል" አለ።

"አዘንብሎ" የሚለው ቃል ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት ተጓዘ። መካከል ሲደርስ "ተገልብጦ" ሆነ። ፊት ለፊት ሲደርስ ገደል ገብቷል። እትዬ ዘይነባ ዘንድ ሲደርስ ዶክተር ይማም አንድም ቃል ሳይናገሩ አልፈዋል። ከዚያ የተነሳው ጩኸት የሆጤን ውሾች አስጮኸ።

አሁን የምናገረውን እንድታምኑኝ አልጠብቅም። ድንኳኑን የተከልሁት እኔ ነኝ። ለምን እንደ ተተከለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ግን ያን ሁሉ ሰው ሲያለቅስ ሳይ፣ "ይህ ሁሉ ሰው ተሳስቶ እኔ ብቻ ልክ ልሆን?" አልሁ። የኮሌጅ ተማሪ ከብዙኃኑ መማር አለበት ተብለናል። እናም አመንሁ። "ወይኔ ዶክተር!" ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። እኔ ስቀመጥ ያልተረጋገጠው ሁሉ ተረጋገጠ፤ "ተማሪው ያውቃል" ተባለ።

ምክትል ዲኑ ጓድ ተሾመ ከቢሮ ብቅ አሉ። ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ጥቁር ክራቫት አስረዋል። ፊት ለፊት ቆመው፣ "ጓዶች፣ ጉድለቱ ከባድ ነው፤ ግን ሥራ አይቆምም። ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ተጠባባቂ ዲን እኔ ነኝ" አሉና ለዶክተር ይማም የተዘጋጀው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወንበሩ እንደ ወትሮው ተንገጫገጨ። የቀበሌ ነው ብያችኋለሁ።

ቀጥሎ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? አያ እንድሪስ! ሰኞ ገበያ መግቢያ ላይ ቆመው ቢጠብቁ ሰው የለም። በመጨረሻ አንድ መንገደኛ፣ "ሰዉማ የቅሬያችሁ ድንኳን ሥር ለቅሶ ላይ ነው" ይላቸዋል። ቁልፉን በእጃቸው የሰጡኝ እሳቸው፣ ጺማቸውን በእንባ አርሰው ከተፍ አሉ።

"ያ ረቢ! ለስብሰባ የሰጠሁትን ሞት ቀደመበት!" አሉና አጠገቤ ተቀመጡ። እኔም፣ "አያ እንድሪስ እንኳ ካመኑ አበቃ" ብዬ ልቅሶዬን አደስሁ።

ልዑካኑ የደረሱት በዚህ ጊዜ ነው። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ሰማያዊ ካኪ ለብሰዋል። የቡድኑ መሪ ወፍራም፣ ቅንድበ ጥቁር ሰው ናቸው። ከመኪና ሲወርዱ ፊታቸው ተቆጥቶ ነበር፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የሚቀበላቸው አጥተው በክፍለ ሀገሩ መኪና ነው የመጡት። አንደኛው እጅ ውስጥ ያለውን ማኅደር ሳይ ምን ይዘው እንደመጡ ልቤ ነገረኝ። ወረኢሉ ታየችኝ። ዱላ የያዙት ሁለቱ ቤተሰቦች ታዩኝ።

መሪው ድንኳኑ በር ላይ ሲደርሱ ሁሉም ሰው ተነሳላቸው። እንባ ባረጠበው ፊት የተሞላ ድንኳን አያቸው። አዲስ አበባ ቢቀመጡም የኛው ሰው ናቸውና ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ገቡ፣ ተቀመጡ። ጓድ ተሾመ ጎንበስ ብለው፣ "ዲናችን ናቸው ጓድ። እናንተን ለመቀበል ሲወርዱ፣ መንገድ ላይ" አሏቸው።

መሪው ደነገጡ። ወደ ባልደረቦቻቸው ዞሩ። "ያ መኪና!" አሉ። "ገደሉ አፋፍ ላይ ባዶውን ቆሞ ያየነው!"

ያኔ እትዬ ዘይነባ ተነሱ። ደረታቸውን እየመቱ ወደ መሐል ወጡ። ከአዲስ አበባ የመጡት እነማን እንደሆኑ ማንም አልነገራቸውም፤ ነገር ግን ዓይናቸውን ከመሪው ላይ ሳይነቅሉ እንዲህ አወረዱት፦

ጠመኔ ቢለምን ወረቀት ላኩለት፣
አልጋውን ቢጠይቅ ስብሰባ ጠሩለት።

ሰዉ "ወይ! ወይ!" አለ። መሪው በወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ። እትዬ ዘይነባ ቀጠሉ፦

ወንበሩ የተውሶ፣ ጠረጴዛው የሰው፣
ምነው ሞቱ ብቻ የግሉ ደረሰው!

ድንኳኑ ተናወጠ። ፍየሎቹ ሳይቀሩ ጮኹ። እኔ የአስተዳደር ትምህርት ስማር እንደዚያ ያለ ዓመታዊ ሪፖርት ሰምቼ አላውቅም። መሪው መሐረብ አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ፣ ከዚያም ዓይናቸውን። ብድግ አሉ።

"የተከበራችሁ የደሴ ሕዝብ" አሉ። "ታጋይ ይወድቃል፣ ዓላማው ግን አይወድቅም። የዚህ ጓድ የመጨረሻ ምኞት ምን ነበር? ከተማሪዎቹ የሚነግረኝ አለ?"

ሁሉም ሰው ወደ እኔ ዞረ። ተነሳሁ። የሽንገላ ንግግር እችላለሁ፤ ግን የዚያን ጊዜ አልመጣልኝም።

"ጓድ፣ እሳቸው ትልቅ ነገር አልተመኙም" አልሁ። "መስታወት ሲሰበር አዲስ አበባ ሳንጽፍ መስታወት እንድንገዛ ነው የፈለጉት። ኮሌጁ የራሱ በጀት እንዲኖረው፣ ምክር ቤቱም በራሱ እንዲወስን። ጠዋት ከቤታቸው ሲወጡ ሰው ‘ዛሬ ምን ጎደለ?’ እንዳይላቸው። ሌላ ምንም አልተመኙም። እኛንም… ወደ ቤታችን እንዳትልኩን።" የመጨረሻዋን ከራሴ ጨመርኋት።

መሪው ግራ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ አነሱ። "በስማቸው ተፈቅዷል!" አሉ።

ሰዉ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባው። በለቅሶ ቤት አይጨበጨብም፤ የመንግሥት ሰው ተናግሮም ሳይጨበጨብ አይታለፍም። በመጨረሻ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረገው፤ እያጨበጨበ አለቀሰ። ጸሐፊያቸው ማኅደሩን ከፍቶ የያዘውን ትቶ አዲስ ቃለ ጉባኤ መጻፍ ጀመረ።

በዚህ መካከል ከበሩ በኩል አዲስ ልቅሶ ተሰማ። ረዥም ሰው፣ ፊቱ በከሰል ጠቁሮ፣ እጁ ዘይት በዘይት ሆኖ፣ "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያለ ገባ። ሰዉ ጠጋ ጠጋ አለለት። ሰውየው ካፖርቱን ሰብስቦ በእኔና በአያ እንድሪስ መካከል ተቀመጠ፣ ራሱን በእጁ ይዞ አለቀሰ። እኔም "አይዞን" ብዬ ጀርባውን ዳበስሁለት። ከዚያ እንደ ወጉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣

"ማነው?" አለኝ።

ድምፁን አወቅሁት። ቀስ ብዬ ዞርሁ። ከከሰሉ ውስጥ የዶክተር ይማም መነጽር አፈጠጠብኝ።

የደነገጥሁትን ድንጋጤ ልጽፈው አልችልም። ከዚያ በፊት የደነገጥሁት ሁሉ ለካስ ልምምድ ኖሯል።

"እርስዎ ነዎት" አልሁ።

"የትኛው እኔ?"

"ዲኑ። ጠዋት፣ ጠመዝማዛው ላይ።"

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ፣ ሞት ሲሰማ እንደሚባለው፣ ከልማድ የተነሳ። ከዚያ ሟቹ ማን እንደሆነ ገብቷቸው ደነገጡ። "እኔ እኮ ከሾፌሩ ጋር ለራዲያተሩ ውሃ ልቀዳ ወንዝ ወርጄ ነው! ስመለስም መኪናው እምቢ ቢለኝ ሾፌሩን እዚያው ትቼ፣ ከሰል በጫነ መኪና ተንጠልጥዬ መጣሁ። ልቅሶ ስሰማ ሰፈር ውስጥ ሰው ሞቶ ቅሬው ድንኳኑን ለራሱ ያዋለው መስሎኝ…" ዙሪያውን ተመለከቱ። "እነዚያ እንግዶቹ አይደሉም?"

"ናቸው። ኮሌጁን ሊዘጉ ነበር የመጡት። አሁን ግን እርስዎ ስለሞቱ በጀቱን ፈቀዱ።"

ዶክተር ይማም ትንሽ አሰቡ።

"ተፈርሟል?"

"እየተጻፈ ነው።"

"አያ እንድሪስ" አሉ ዲናችን በሹክሹክታ፣ "ጋቢዎን ያውሱኝ።"

አያ እንድሪስ ሟቹን አዩ። አፋቸው ተከፈተ፤ ተዘጋ። ከዚያ በረዥሙ ተነፍሰው ጋቢያቸውን አወለቁና የዶክተር ይማምን ራስ ሸፈኑላቸው። ለካስ ሟች የሚገነዘው እንዲህ ነው ብዬ አሰብሁ። ጸሐፊው ይጽፋል። መሪው ብዕራቸውን አወጡ። ጋቢው ውስጥ ያሉት ሰውዬ ከሁሉም አብልጠው ያለቅሳሉ። መሪው ፈረሙ። ሁለቱ ባልደረቦቻቸው ፈረሙ። ማኅተሙ ተመታ። በዚያች ቅጽበት ከሰሉ አፍንጫቸው ገብቶ ዶክተር ይማም አነጠሱ።

ደሴ ውስጥ እንደ እሳቸው የሚያነጥስ የለም። ግድግዳ ይነቀንቃል። ጋቢው ወደቀ። እትዬ ዘይነባ ዞር አሉ፣ አዩ፣ ከሙሾው የበለጠ ጩኸት አሰሙ። ሰዉ ተነሳ፤ ግማሹ ወደ በር፣ ግማሹ ወደ ሟቹ። ፍየሎቹ ገመዳቸውን በጥሰው ሆጤ ቁልቁል ሄዱ። ጓድ ተሾመ ከወንበሩ ግማሽ ተነስተው ግማሽ ተቀምጠው ቀሩ።

መሪው ሲረጋጉ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ነበር። "ጓድ፣ ሞተው አልነበረም እንዴ?" አሉ።

"መኪናው ነው የሞተው ጓድ" አሉ ዲናችን።

ጓድ ተሾመ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጓድ መሪ፣ ውሳኔው የተሰጠው ለሟች ነው። ሟቹ በሕይወት ካሉ ውሳኔው ይሻራል።"

"እርስዎ ማን ነዎት?"

"ተጠባባቂ ዲን።"

"የማን ተጠባባቂ?" አሉ መሪው፤ ጓድ ተሾመም ክራቫታቸውን ማላላት ጀመሩ። መሪው ግን እጃቸውን ወደ ማኅደሩ ዘረጉ። ወረኢሉ እንደገና ታየችኝ።

አያ እንድሪስ ተነሱ። በረዥሙ ተነፈሱ፤ ያ ትንፋሽ ዕድሜዬን ሙሉ የፈጀ መሰለኝ።

"ጌታዬ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ ኮሌጁ የእርስዎ ነው። ድንኳኑ ግን የቅሬው ነው። በቅሬያችን ደንብ ድንኳን ሥር የተሰጠ ወደ ቤት አይመለስም። ንፍሮ ይዞ የመጣ ሰው ሟቹ ተነሳ ብሎ ንፍሮውን ተሸክሞ አይሄድም።"

"ተነስቶ የሚያውቅ ሟች አለ?" አሉ መሪው።

"እስከ ዛሬ የለም። ደንቡ ግን አለ።"

መሪው ድንኳኑን ቃኙ። የሰኞ ገበያ ሰው በሙሉ እጃቸውን ያያል። እትዬ ዘይነባ ነጠላቸውን እንደገና ወገባቸው ላይ ያጠብቃሉ፤ ሌላ ግጥም እየመጣላቸው እንደሆነ ማንም ያውቃል። መሪው እጃቸውን ከማኅደሩ ላይ ቀስ ብለው አነሱ።

"የተፈረመ ተፈርሟል" አሉ። "ከእንግዲህ ግን ጓድ ዶክተር፣ የበላይ አካልን ሳያስፈቅዱ አይሙቱ።"

በዚህ ጊዜ የተጨበጨበው ጭብጨባ ልቅሶ አልተቀላቀለበትም። እኔ ግን አለቀስሁ። ወረኢሉ ያሉት ሰዎች ዱላቸውን እንዳስቀመጡ ይቆያሉ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ድንኳኑን ስናወርድ አያ እንድሪስ ዲናችንን ጠሯቸው። "ይማም፣ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ቅሬው ለአንድ ሰው ድንኳን የሚያወጣው አንድ ጊዜ ነው። ያንተ ዛሬ ወጥቷል።"

"አያ እንድሪስ! ስሞትስ?"

"ወላሂ ደንብ ነው። አሁን መንግሥትን በዚሁ ደንብ ተከራክሬ ላንተ ልሻረው?"

ዶክተር ይማም ከሰል የለበሰ ፊታቸውን ወደ ኮሌጁ አዞሩ። የተሰበረውን መስታወት አዩ። "ግድ የለም" አሉ። "ኮሌጁ ይኑር እንጂ እኔን በዝናብም ብትቀብሩኝ።"

በጀቱ ሲለቀቅ ምክር ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ሥልጣን ሊወስን ተሰበሰበ። ዲናችን መስታወትን በአጀንዳው አንደኛ አድርገው አቀረቡ። እጄን አነሳሁ።

"ከመስታወቱ በፊት ድንኳን እንግዛ" አልሁ። "ዲናችን የላቸውም።"

ዶክተር ይማም "ለእኔ?" ብለው ደነገጡ። ከእሳቸው ድምፀ ተአቅቦ በቀር፣ ጓድ ተሾመ ሳይቀሩ እጃቸውን አውጥተው፣ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ስለዚህ ኮሌጃችን በራሱ ገንዘብ የገዛው የመጀመሪያው ንብረት ድንኳን ነው። መስታወቱም ቀጥሎ ገብቷል፤ በረዶው ስለ እሱ ያለው አመለካከት ገና አልታወቀም።

ድንኳኑን እስካሁን የተከልነው ለስብሰባ ብቻ ነው፤ አላህ ያቆየልን። በተተከለ ቁጥር ግን ዲናችን ገና ከግቢው በር ላይ ይቆማሉ። ጓድ ተሾመ ደህና መሆናቸውን ያረጋግጣሉ፣ አያ እንድሪስን በዓይናቸው ይፈልጋሉ፣ ከዚያም እኔን ይጠሩኛል። በደሴ ከተማ ድንኳን አይቶ፣ ከማልቀሱ በፊት "ማነው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።